የተማሪ ሥነ ሥርዓት፦ ጅማ ውስጥ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ጠዋት ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ጅማ ውስጥ በትምህርት ቤት በር በኩል እለፉ። በሩ ተዘግቷል። ውጭ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ቆመዋል፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው። ዘበኛው "አታስገባ ተብያለሁ" ይላቸዋል። ትንሽ ይለምኑታል፣ ከዚያ ይበተናሉ። ወዴት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፦ ፑል ቤት፣ ጌም ቤት፣ አንዳንዱም ጫት ቤት።

ሥነ ሥርዓት ማስያዝ ማለት ልጁ እዚያው ትምህርቱ ላይ ሆኖ ጠባዩን እንዲያርም ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ። ከትምህርት የሚያርቀው ወይም "ሁለተኛ እንዳልያዝ" ብቻ የሚያሰኘው ቅጣት ምንም አላረመም። በመምህርነት ስሠራ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

ያረፈደውን ማባረር

የጅማ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴን አይጠብቅም። በሚያዝያም በመስከረምም ይወርዳል። ከጅሬን በኩል በእግሩ የሚመጣ ልጅ ዝናብ ከያዘው ያረፍዳል። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ቤተሰቡን ሲያግዝ አምሽቶ የሚያድር አለ። ጉሊት ለምትሸጥ እናቱ ዕቃ ተሸክሞ አድርሶ የሚመጣም አለ። በእርግጥ በስንፍና የሚያረፍድም አለ። በሩ ግን ይህን ሁሉ አይለይም።

አስገቡት። ስሙን በር ላይ መዝግቡት፤ ያለፈውን በዕረፍት ሰዓት ወይም ከትምህርት በኋላ ያካክስ። በአንድ ሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጋገመ የክፍል ኃላፊው ለብቻው ጠርቶ "ቤት ምን አለ?" ብሎ ይጠይቀው። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ያለው እዚያ መልስ ውስጥ ነው።

ዱላ

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ጎማው፣ አርጩሜው፣ ኮርኩሙ፣ በጠጠር ላይ ማንበርከኩ ግን ዛሬም ከየክፍሉ አልጠፋም።

"እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው" የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። አከብራቸዋለሁ፤ ድካማቸውንም አውቃለሁ። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ እየጮኹ ማስተማር ቀላል አይደለም። ዱላ ቶሎ ጸጥ ያሰኛል። ጸጥታው ግን መምህሩ ከበሩ እስኪወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ሞኒተሩ ራሱ ዱላ ያነሳል፤ ትልቁ ትንሹን ይመታል። ልጁም ያልገባውን መጠየቅ ይተዋል። የሒሳብ መምህሩን የሚፈራ ልጅ ሒሳብንም ይፈራል።

በምትኩ ምን ይደረግ? የመጀመሪያውን ሳምንት ለደንብ ስጡት። አራት አምስት ደንብ ይበቃል። ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩት፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ጅማ ውስጥ ከሆነ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ልጅ ሲረብሽ ከሩቅ አትጩኹበት፤ እየተናገራችሁ ሄዳችሁ አጠገቡ ቁሙ። ቦታ ቀይሩለት። ዋናው ነገር ግን ያላችሁትን ማድረግ ነው። ዛሬ የተቆጣችሁበትን ነገ ካለፋችሁት ደንቡ የሚሠራው እናንተ ስትናደዱ ብቻ እንደሆነ ልጁ ያውቃል። ትንሽ ቅጣት ሁልጊዜ ከተፈጸመ፣ አልፎ አልፎ ከሚወርድ ከባድ ቅጣት የተሻለ ያርማል።

"ወላጅ አምጣ"

ይህችን ቃል ያልሰማ ተማሪ የለም። በደህናው ሐሳብ ጀምራ ማስፈራሪያ ሆነች። ልጁ ሲፈራ ምን ያደርጋል? ከመንገድ ላይ አንድ ሰው ይለምንና "አጎቴ ነው" ብሎ ይዞ ይመጣል። ቢሮ ውስጥ ያ ሰው ልጁን በጥፊ ይለዋል፣ "እንዳሻችሁ ቅጡልኝ" ብሎ ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ ወላጅ አነጋገርኩ ይላል። ቤት ያለችው እናት ምንም አታውቅም።

እውነተኛው ወላጅ ሲመጣም ችግር አለ። የቀን ሥራ የሚሠራ አባት የዚያን ቀን ገቢውን ትቶ ነው የሚመጣው። በሩ ላይ እስከ አምስት ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያ በሰው ፊት ይወቀሳል። አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር ከሆነ ደግሞ በአማርኛ የተነገረውን የሚተረጉምለት ያው የተከሰሰው ልጁ ነው! ማታ ቤት ውስጥ ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም።

ወላጅ የምንጠራው ለመክሰስ ሳይሆን ለመመካከር ይሁን። ቀድማችሁ ስልክ ደውሉ፣ የሚመቸውን ሰዓት ጠይቁ። ቋንቋውን የሚችል መምህር ይቀመጥ። "ልጅዎ ይህን አድርጓል፤ እኛ ይህንና ይህን ሞክረናል፤ ቤትስ እንዴት ነው?" በሉ። ደግሞ ልጁ ጥሩ ሲሠራም ይደወል። ከትምህርት ቤት የሚመጣ ስልክ ሁልጊዜ ክስ ከሆነ የሚያነሳው አይኖርም።

በሰልፍ ፊት ማዋረድ፣ ሁሉን መቅጣት፣ ማርክ መቀነስ

ሦስቱን በአጭሩ ልለፋቸው። ልጁን ባንዲራ ሲሰቀል ፊት አውጥቶ ጸጉሩን በመቀስ መቁረጥ ከጓደኞቹ ዓይን የሚያሸሸው ነገር ነው፤ በማግስቱ ብዙዎቹ ይቀራሉ። "አጥፊው ካልወጣ ሁላችሁም ተንበርከኩ" ማለት ደግሞ ያላጠፋውን ከአጥፊው ጋር ያስተባብራል። ማርክን በተመለከተ፣ ካርዱ ላይ "ጠባይ" የሚል ቦታ አለ፤ ጠባዩ እዚያ ይጻፍ። የባዮሎጂ ውጤት ባዮሎጂ ማወቁን ይናገር።

ሥራን ቅጣት ማድረግ

ሽንት ቤት ማጠብ፣ ሣር ማጨድ፣ ውኃ መቅዳት። ጅማ ሣሩ ስለማያልቅ ይህ ቅጣት በጣም ይወደዳል። ግን ልጆቻችን የእጅ ሥራን እንዲንቁ እያስተማርናቸው ነው። የትምህርት ቤቱን ጽዳት ሠራተኛም "እሷ የምትሠራው የጥፋተኛ ሥራ ነው" ብለን መስደባችን ነው። ዴስክ የሰበረ ዴስኩን ያስጠግን። ግድግዳ ላይ የጻፈ ግድግዳውን ይቀባ። ከጥፋቱ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ልጁም ፍትሕ መሆኑ ይገባዋል። ሣር ማጨድ ለሁሉም ተማሪ በተራ ይሁን።

ኮሌጅ ላይ ሳይሰሙ መወሰን

በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ ከተማዋ ከየአገሩ የሚመጣ ተማሪ ታስተናግዳለች። ከሩቅ የመጣ ልጅ ለአንድ ዓመት ሲታገድ ትምህርቱን ብቻ አይደለም የሚያጣው። ዶርሙንም ካፌውንም በአንድ ቀን ያጣል፤ ዘመድ ከተማው ውስጥ የለውም። ስለዚህ የትኛውም ኮሌጅ ውሳኔውን ከመጻፉ በፊት መጠንቀቅ አለበት። ክሱ በጽሑፍ ይድረሰው። መልስ የሚያዘጋጅበት ቀን ይሰጠው። የከሰሰው ሰው ኮሚቴው ውስጥ አይቀመጥ። የይግባኝ ቀኑ ደብዳቤው ላይ ይጻፍ።

ሌላው፣ አቤቱታን እንደ ጥፋት ማየት ነው። ውኃ ጠፋ፣ ምግቡ ተበላሸ ብለው የተሰበሰቡ ተማሪዎች ድንጋይ እስካልወረወሩ ድረስ ዲሲፕሊን ኮሚቴ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ቀርቦ የሚያናግራቸው ኃላፊ ነው።

የማይታረቀውን ማስታረቅ

ሽምግልና እወዳለሁ። ጃርሱማ፣ ማለትም የኦሮሞ የሽምግልና ሥርዓት፣ ባለበት አገር ሁለት የተደባደቡ ልጆችን በሽማግሌ ማስታረቅ ከማገድ በብዙ ይሻላል፤ ትምህርት ቤቶቻችን አብዝተው ሊጠቀሙበት ይገባል። አንድ ነገር ግን ወደዚያ መሄድ የለበትም፦ በሴት ተማሪ ላይ የሚደርስ ጾታዊ ትንኮሳና ጥቃት። "የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይጠፋ"፣ "የልጁ ዕድሜ እንዳይበላሽ" እየተባለ በይቅርታ የሚድበሰበሰው ብዙ ነው። አጥፊው መምህር ሲሆን ደግሞ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራል፤ እዚያም ሴት ተማሪዎች አሉ።

ይህ የዲሲፕሊን ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ወንጀል ነው። ወደ ፖሊስ ይሂድ። ልጅቷ የምታምናት አንዲት መምህርት አብራት ትሁን። ይቅር እንድትል ተብሎ ከጥቃት አድራሹ ፊት አትቀመጥ። ክፍል መቀየር ካስፈለገ የሚቀይረው እሱ ይሁን።