በሼንገን ቪዛ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል እንዴት ይሰላል?

ፓስፖርቱ የሼንገን ቪዛ (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥርን ላነሱ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግል ቪዛ) ተለጥፎበት ሲመለስ አብዛኛው ሰው የሚያየው «ከ» እና «እስከ» የሚሉትን ሁለት ቀኖች ነው፤ ትኬቱንም የሚቆርጠው በእነሱ መሠረት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ቀኖች ቪዛው የሚያገለግልበትን ጊዜ እንጂ የሚቆዩበትን የቀን ብዛት አያሳዩም።

በመጀመሪያ ስምንና የፓስፖርት ቁጥርን ያመሳክሩ፤ ስህተት ካለ ከጉዞው በፊት ያሳርሙ። ቀኑ የሚጻፈው በአውሮፓ ልማድ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ተብሎ ስለሆነ 05-06-26 ማለት ጁን 5 ነው፤ ወር ማስቀደም የለመደ የአሜሪካ ነዋሪ ግን ሜይ 6 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ስሌቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጨርሱ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር እያቀያየሩ መቁጠር፣ በተለይ ጳጉሜን መሀል ከገባች፣ ቀን ያስታል።

ዋናው ነገር ያለው ከመግቢያ ብዛት ጎን የመቆያ ቀናትን ቁጥር በያዘው ቦታ ነው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ጀርመን የሚሄዱ አንዲት እናትን እንውሰድ። ቪዛቸው ከጁን 1 እስከ ጁላይ 15 ቀን 2026 ይላል፤ የመቆያው ቁጥር ግን 30 ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል 45 ቀን አለ። ትርፉ 15 ቀን ጉዞው ቢዘገይ እንዲያገለግል የተጨመረ እንጂ የመቆያ ፈቃድ አይደለም። እኚህ እናት ጁን 5 ቢገቡ ያ ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠርና ሠላሳኛው ቀን ጁላይ 4 ይሆናል። እስከ ጁላይ 15 ቢቆዩ፣ ቪዛው «ገና አላለፈም» ቢባልም፣ 11 ቀን ያለፈቃድ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

የመግቢያም የመውጫም ቀን ሙሉ ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ከቦሌ እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነሥቶ በማግሥቱ ጠዋት ፍራንክፈርት ለሚደርስ መንገደኛ ቆጠራው የሚጀምረው ከደረሰበት ቀን ነው። በፍራንክፈርት አድርጎ ስቶክሆልም የሚሄድ ሰው የመግቢያ ቁጥጥሩን የሚያልፈው ፍራንክፈርት ላይ ነው። የመመለሻ ትኬት በመጨረሻው ቀን፣ ያውም በምሽት በረራ መቁረጥ አይመከርም፤ በረራው ቢሰረዝ ወይም ቢዘገይ መጠባበቂያ የለም። ሁለት ሦስት ቀን መተው ይሻላል።

የመግቢያ ብዛቱ 01 ከሆነ ለአንድ ቀን እንኳ ወደ ለንደን ወይም ደብሊን ብቅ ማለት ቪዛውን ይጨርሰዋል፤ ብሪታንያና አየርላንድ ከሼንገን ውጭ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ባለብዙ መግቢያ ቪዛ መስጠት ስለቆመና ለማመልከቻው መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ስለረዘመ፣ ይህ ጥንቃቄ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል።

በቅርቡ ሄዶ ለተመለሰ፣ ወይም ያለቪዛ በሚያስገባ የአሜሪካ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው ሁለተኛ ሕግ አለ፦ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም። ብዙዎች ወጥቶ መመለስ ቆጠራውን እንደ አዲስ የሚያስጀምረው ይመስላቸዋል፤ አያስጀምረውም። የሚቆጠረው ወደ ኋላ ነው። በሼንገን ምድር ለሚውሉበት ለእያንዳንዱ ቀን፣ ያን ቀን ጨምሮ 180 ቀን ወደ ኋላ ሄደው በዚያ ውስጥ የቆዩበትን ሁሉ ይደምራሉ። ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2026 የቆየ ሰው 50 ቀን ተጠቅሟል። ሜይ 1 ተመልሶ ቢገባ 40 ቀን ብቻ ስለሚቀረው ጁን 9 ላይ 90 ይሞላል። እንደገና መግባት የሚችለው ጁላይ 9 ነው፤ የጃንዋሪ 10 ቆይታው ከ180ው ቀን የሚወጣው ያን ዕለት ነውና። ክሮኤሽያ፣ ቡልጋሪያና ሮማንያም አሁን በዚሁ ቆጠራ ውስጥ ናቸው። በአንዱ አገር የመኖሪያ ፈቃድ የተኖረበት ጊዜ ግን አይደመርም።

የአውሮፓ ኮሚሽን በድረ ገጹ ላይ በነፃ የሚሰጠው ማስሊያ ጥሩ ነው። ሆኖም የሚያሳየው የ90ውን ሕግ እንጂ ቪዛው ላይ የተጻፈውን 30 አይደለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ላይ አስልቶ በእሱ ማረጋገጥ የተሻለ ነው። የጉዞ ወኪል የሚሰጠውን የቃል መልስ ብቻ ይዞ ትኬት መግዛት አይገባም።

እዚያ ሳሉ ከታመሙ ወይም በረራ ከተቋረጠ፣ ቀኑ ከማለቁ በፊት ያሉበት አገር የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ሄደው ማራዘሚያ ይጠይቁ። ከአቅም በላይ በሆነ ወይም በሰብዓዊ ምክንያት የሚሰጥ ማራዘሚያ አይከፈልበትም፤ ለከባድ የግል ጉዳይ ከሆነ 30 ዩሮ ያስከፍላል። የሐኪም ወረቀት መያዝ የግድ ነው።

ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ በየደረጃው ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሮኒክ የመግቢያና መውጫ መዝገብ የፓስፖርት ማህተምን እየተካ ነው። ትርፍ የቆዩበትን ቀን ሥርዓቱ ራሱ ያሰላል፤ «ማህተሙ ደብዝዟል» የሚለው ምክንያትም አይሠራም። መዝገቡ ሊሳሳት ስለሚችል ግን የመግቢያና የመውጫ በረራዎን የመሳፈሪያ ወረቀት ሳይጥሉ ያስቀምጡ።