በበረዶ ወቅት ተራራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማደር

ለመጀመሪያው ጉዞ አንድ ሌሊት ይበቃል። በረዶ በሌለበት ወቅት የሄዳችሁበትን፣ ከመኪናችሁ ከሁለት ሰዓት መንገድ የማይርቅ ቦታ ምረጡ። ብርዱ ከበረታ ወይም አንድ ዕቃ እምቢ ካለ ጠቅልሎ መመለስ መቻል አለበት። ብቻችሁን አትሂዱ። የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱ ቤት ለሚቀር ሰው ንገሩ።

ቀጥሎ ካርታውን እዩ። የበረዶ ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሚያዘነብል ተዳፋት ነው። ጀማሪ እንዲህ ባለው ተዳፋት ላይም ሆነ ከሥሩ ማለፍ የለበትም። የከተማውን የአየር ትንበያም ብቻ አትመኑ። ከፍታው 1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ንፋስ ሲታከልበት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ልብስ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አብዝቶ በመልበስ ነው። ሸክም ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ያልበዋል። ቆም ሲል ላቡ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወዲያ ጃኬት ቢደራርብም መንቀጥቀጡ አይቀርለትም። ስለዚህ ጉዞ ስትጀምሩ ትንሽ ይብረዳችሁ፤ ብዙም ሳትሄዱ ትሞቃላችሁ። ከሥር ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ መሃል ላይ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስና እርጥበት የማያስገባ ጃኬት ልበሱ። ጥጥና ጂንስ ቤት ይቅሩ፤ ከረጠቡ ቶሎ አይደርቁም። ለመኝታ የሚሆን ደረቅ ካልሲና የውስጥ ልብስ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ቀን ላይ ቢያምራችሁም አትንኩት።

ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ስትመርጡ የተጻፉበትን የሙቀት ዲግሪ ቁጥሮች ለዩ። አንዱ ተመችቶ የሚታደርበት ነው፤ ዝቅ ያለው ደግሞ ተኮራምቶ የሚታለፍበት። በመጀመሪያው ሂዱ። ከሥር የሚነጠፈውን ግን ሰው ይንቀዋል። የባጉ ሙሌት በሰውነት ክብደት ስለሚጨፈለቅ ከመሬት የሚመጣውን ብርድ የሚከለክለው ምንጣፉ ነው። መከላከያ አቅሙ በአር ቁጥር (R-value) ይለካል። ለበረዶ 5 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ሁለት ምንጣፍ ሲደራረብ ቁጥራቸው ይደመራል።

ምድጃውን ቤት ሳላችሁ ሞክሩት። ቡቴን ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል፤ ለኃይለኛ ብርድ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ይሻላል። ድንኳን ውስጥ ግን በፍጹም አታብሩት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። በረዶ ስታቀልጡ ድስቱ ውስጥ አስቀድማችሁ ትንሽ ውሃ ጨምሩ፤ አለዚያ ድስቱ ያራል። የውሃ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ውሃ በረዶ መሆን የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ አፉ አይዘጋባችሁም።

ሳይመሽ ድረሱ። በረዶውን በእግራችሁ ረግጣችሁ ደልድሉ፣ እስኪጠነክር ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ ድንኳኑን ትከሉ። ማታ ቅባት ያለው ነገር ብሉ። ሽንት ሳትሸኑ አትተኙ፤ እኩለ ሌሊት ላይ መውጣት ያንገፈግፋል። የማያፈስ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ባጉ ውስጥ ክተቱ። ስልክና ባትሪም አብሮ ይደር። አፍንጫችሁን ግን ውጭ አድርጉ፤ ትንፋሽ ባጉን ያረጥበዋል።

ጓደኛችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም ከተደናቀፈ «ደህና ነኝ» ቢላችሁም አትመኑት። እርጥቡን ልብስ ቀይሩለት፣ ባግ ውስጥ አስገቡት፣ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ስጡት። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ካቆመ ሁኔታው ብሶበታል፤ ሳትዘገዩ የነፍስ አድን እርዳታ ጥሩ።