ስደተኛ ጎረቤታችሁን ለጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ስታዘጋጁ

ካርቱም ስድስት ዓመት ሻይ አፍልቼ ሸጫለሁ፤ የሱዳን ዐረብኛ አፌ ላይ የቀረው ከዚያ ነው። ጀሞ ሦስት እኛ ብሎክ ከጦርነቱ የሸሸች ሱዳናዊት ስትከራይ ማስተርጎሙም ወረቀት ማስጨረሱም እኔው ላይ ወደቀ። ስሟን አልጠራም። እናንተም የጎረቤታችሁን ጉዳይ ለዕድርም ለአከራይም አታውሩ።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩላት። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አገር በገባች በ30 ቀን ውስጥ ለስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ወይም በአቅራቢያዋ ላለ ፖሊስ ጣቢያ እንድታመልክት ይላል። ያለ ቪዛ በመተማ ገብታ ቢሆንም አመልካች ናትና ጉዳይዋ እስኪወሰን ወደ ሸሸችበት አይመልሷትም። ቀኑ ካለፈባት ቤት አትቀመጥ፤ የዘገየችበትን ምክንያት ይዛ ትሂድ። ምዝገባው በነጻ ነው። የእኔዋ ይህን ያወቀችው አንድ ደላላ «እኔ አስጨርስልሻለሁ» ብሎ 6,000 ብር ከበላት በኋላ ነው።

ዋናው ሥራ ግን ቤት ውስጥ ነው፤ የራሷን ታሪክ እንድታወራ ማድረግ። ሴቶቹ ሲጠየቁ የባላቸውን ነው የሚያወሩት። እኔ ቡና አፈላሁ (እነሱም ጀበና ነው የሚሉት፣ ዝንጅብል ይጨምሩበታል)። አቦሉ ላይ ባሏ እንዴት እንደተወሰደ ነገረችኝ። ቶናው ላይ ስለ ወንድሟ ሱቅ። በረካው ሲቀዳ ልጆቹን ወደ ውጭ ላከችና ኬላ ላይ የታጠቁት ሰዎች እሷን ምን እንዳደረጓት ጀመረች። ሲኒውን ሁለት እጇ መሀል ይዛ ቀና አላለችም። እኔም ዝም አልኩ። በዚህ ሰዓት «አይዞሽ፣ ይረሳል» አትበሉ፤ ከዚያ በኋላ አትናገርም።

ይህ ታሪክ ለምን ያስፈልጋል? አዲስ አበባ ላይ በ1969 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ሰላምና ጸጥታ ክፉኛ ከታወከበት አገር የሸሸን ሰው ሁሉ ስለሚያቅፍ ጥይቱ ለእሷ ታልሞ እንደነበር ማስረዳት አይጠበቅባትም። የ1951 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት ግን የመሳደድ ምክንያት ብሎ ዘርን፣ ሃይማኖትን፣ ዜግነትን፣ የማኅበራዊ ቡድን አባልነትንና የፖለቲካ አመለካከትን ይጠራል እንጂ ጾታን አይጠራም። በሴትነቷ የደረሰባት በደል የሚታየው ብዙ ጊዜ «ማኅበራዊ ቡድን» በሚለው በኩል ነው፤ እሱም እሷ ካልተናገረች አይታይም። ደግሞ ፋይሏ በባሏ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ ነገ ቢፋቱ ወይም ቢደበድባት ምን ልትል ነው?

ስለዚህ ለብቻዋ እንድትጠየቅ፣ ጠያቂዋም አስተርጓሚዋም ሴት እንዲሆኑ ገና ስትመዘገብ ትናገር። የእኔዋ አስተርጓሚ የአገሯ ሰው፣ ያውም ወንድ ሆነባትና ባሏን ብቻ አውርታ ወጣች፤ ሌላ ቀጠሮ እስክናገኝ ስንት ተመላለስን። እናንተም «እኔው ገብቼ ላስተርጉም» አትበሉ፤ ነገ ደረጃው ላይ ትገናኛላችሁ።

ሐኪም ቤት በጊዜ ውሰዷት። ጥቃቱ እዚሁ ከደረሰ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ጋንዲ ሆስፒታል ሐኪሙም ፖሊሱም አንድ ቦታ ይገኛሉ። ወራት ካለፉም ትታይ፤ የሐኪም ወረቀት ይረዳል። ወረቀት ከሌላት ደግሞ ቃሏ ራሱ ማስረጃ ነው።

ትንሽ የሚመስል፣ ግን ሰው የሚጥል ነገር አለ፦ የቀን አቆጣጠር። ጦርነቱ የተጀመረው በእኛ ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ በእሷ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ነው። አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ከተናገረች ቃሏ የተምታታ ይመስላል። ሁሉንም በራሷ አቆጣጠር ትናገር፤ እናንተ አትቀይሩላት። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ማክሰኞ በሁለት ሰዓት» ተብላ የእኔዋ ምሳዋን በልታ፣ ልጇን አዝላ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። አሁን ለማንኛውም ቀጠሮ፣ ለጸጉር ቤትም ቢሆን፣ «የሐበሻ ነው የእኛ?» ሳትል ስልክ አትዘጋም።