የጨው ውኃ አኳሪየም ዓሣ ሳይገባበት ውኃውን እንዴት እንመርምር?

የጣና ውኃ ጨው አልባ ስለሆነ፣ ባሕር ዳር ላይ የባሕር ዓሣ ለማርባት የሚያስብ ሰው የባሕሩን ውኃ ራሱ በቤቱ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ክሎሪኑ በተወገደለት ውኃ ውስጥ ለአኳሪየም የተዘጋጀውን የባሕር ጨው (የወጥ ቤት ጨው ፈጽሞ አይተካውም) ካሟሟን በኋላ፣ የጨው መጠኑ በሊትር 35 ግራም ገደማ መድረሱን በጨው መለኪያ እናረጋግጣለን።

ከዚያ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አስቀድመው እንዲራቡ፣ ንጹሕ አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪሆን ጨምረን፣ በየሁለት ቀኑ አሞኒያንና ናይትራይትን በጠብታ መመርመሪያ እየለካን በደብተር ከነቀኑ እንመዘግባለን። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ስለሚለውጥ፣ አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፤ ይህ የሚያስደነግጥ ሳይሆን ሥራው መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። ናይትራይት ከፍ ባለበት ወቅት ግን የናይትሬት መመርመሪያው ቁጥሩን አጋንኖ ሊያሳይ ስለሚችል፣ በዚያ ውጤት ላይ መወሰን አይገባም። የመመርመሪያውን ቀለም ለጨው ውኃ ከተዘጋጀው የቀለም ካርድ ጋር በቀን ብርሃን ማነጻጸርም አይዘንጋ።

ከተማችን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከጠረፍ አካባቢ ያነሰ ነው፤ ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ስለሚሹ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ።

እንደገና የተጨመረው በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጠፋና ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን፣ ናይትሬቱን ለመቀነስ ውኃውን በከፊል ቀይረን የመጀመሪያውን ዓሣ እናስገባለን።