የቲንክፓድ ቲ420ን ባዮስ በሲዲ አፕዴት ማድረግ

ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ420 ሲገዛ ሃርድ ዲስኩ ባዶ፣ ወይም ሊኑክስ የተጫነበት ሊሆን ይችላል። በዊንዶውስ የሚሠራው የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ማደሻ ያኔ አይጠቅምም። ለዚህ የ2011 ማሽን ግን ሌኖቮ ሲዲ ላይ የሚጻፍ አይኤስኦ (የአንድ ሲዲ ሙሉ ቅጂ የሆነ) ፋይልም አዘጋጅቷል። ኮምፒውተሩ በቀጥታ ከሲዲው ስለሚነሳ ውስጡ ምንም ይጫንበት ምን ለውጥ የለውም።

መጀመሪያ ያለዎትን ቨርዥን ይወቁ። ማሽኑን ሲያበሩ ኤፍ1 ይጫኑ፤ ሜይን የሚለው ገጽ ላይ የባዮሱ ቨርዥንና የማሽኑ ዓይነት ቁጥር ተጽፏል። ለምሳሌ በቅንፍ 1.46 የሚል ካዩ የባዮሱ ቨርዥን እሱ ነው። 4180 ወይም 4236 ብሎ የሚጀምረው ደግሞ የማሽኑ ዓይነት ነው፤ ከላፕቶፑ ሥር ያለው ተለጣፊም ላይ አለ። ፋይሉን ሲያወርዱ በዚህ ቁጥር ይፈልጉ፤ ቲ420 እና ቲ420ኤስ ስማቸው ቢቀራረብም ባዮሳቸው የተለያየ ነው። ከፋይሉ ጋር ያለውን የለውጥ ዝርዝርም ያንብቡ። እርስዎ ያለብዎትን ችግር የሚፈታ ነገር ከሌለው፣ ደህና የሚሠራ ማሽን ባይነካ ይሻላል።

ከኤፍ1 ሳይወጡ የሁሉንም ገጾች ፎቶ በስልክ ያንሱ፤ በኋላ ይፈለጋል። ሴኩሪቲ ውስጥ ባዮስ ማደስን ለተጠቃሚ የሚፈቅደው ምርጫ ኢኔብልድ፣ ስታርታፕ ውስጥ ደግሞ የዩኢኤፍአይና የሌጋሲ ቡት (የአዲሱና የአሮጌው አነሳስ) ምርጫ ቦዝ፣ ማለትም ሁለቱም የሚለው ላይ ይሁን። ዊንዶውስዎ ዲስክ በሚቆልፈው ቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ቢትሎከርን ለጊዜው ሰስፔንድ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ከአፕዴቱ በኋላ 48 አኃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅዎ ይችላል።

አይኤስኦውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያውርዱ። ዊንዶውስ 7 እና ከዚያ ወዲህ የመጡት ራሳቸው ይጽፉታል፦ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ፣ በርን ዲስክ ኢሜጅ፣ ከዚያ ቬሪፋይ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያድርጉ። ባለ 700 ሜጋባይት ሲዲ አር ከበቂ በላይ ነው። ደጋግሞ የሚጻፍበትን አርደብልዩ ያረጀ ድራይቭ ለማንበብ ስለሚቸገር ይቅርብዎ። ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሲዲውን ከፍተው ባዶ ቢመስልዎ አይደንግጡ፤ ማስነሻው ከተራ ፋይሎች ጋር ሳይሆን ለብቻው ተደብቆ የተቀመጠ ኢሜጅ ነው። አይኤስኦው እንዳለ ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ አልነሳ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለፍላሽ መጀመሪያ ጌት ኤል ቶሪቶ በሚባለው ፕሮግራም ኢሜጁን ማውጣት ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የመብራት ጉዳይ ነው። ባዮሱ ያለው 8 ሜጋባይት በሚይዝ ቺፕ ላይ ነው። ቺፑ እየተጻፈ መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀርና ማሽኑ አይነሳም። ያኔ መፍትሔው ላፕቶፑን ፈትቶ ቺፑን ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ እንደገና መጻፍ ነው። ስለዚህ ቻርጀሩም ተሰክቶ፣ ባትሪውም ሞልቶ መሆን አለበት። ባትሪው የሞተ ከሆነ የሚሠራ ባትሪ ተውሰው ያድርጉት፤ በቻርጀር ብቻ አይሞክሩት።

ሲዲውን አስገብተው ማሽኑን ሲያስነሱ ኤፍ12 ይጫኑና ኤታፒ ሲዲ0 የሚለውን ይምረጡ። ከሚመጣው ዝርዝር 2ን፣ ማለትም አፕዴት ሲስተም ፕሮግራም የሚለውን ይምረጡና ለጥያቄው Y (ዋይ) የሚለውን ፊደል ተጭነው ይመልሱ። የሞዴል ቁጥር የሚቀይረውን ምርጫ አይንኩ፤ እሱ ማዘርቦርድ ለሚቀይሩ ባለሙያዎች ነው። ጽሕፈቱ ከተጀመረ በኋላ ስክሪኑ የቆመ ቢመስልም ማጥፊያውን አይጫኑ፣ ክዳኑንም አይዝጉ። ሲጨርስ ሲዲውን እንዲያወጡ ይነግርዎታል፤ አውጥተው እንደገና ያስነሱት።

ተመልሰው ኤፍ1 ይግቡ፣ ቨርዥኑ መቀየሩን ይዩ፣ በኤፍ9 ሴቲንጉን ወደ መነሻው መልሰው በኤፍ10 ሴቭ ያድርጉ። ከዚህ በኋላ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አልነሳ ካለ አዲሱን ባዮስ ከመርገምዎ በፊት ያነሱትን ፎቶ ይመልከቱ። ኮንፊግ ውስጥ ሳታ የሚለው (የሃርድ ዲስኩ አሠራር ምርጫ) ቀድሞ ኮምፓቲቢሊቲ ላይ ከነበረ ኤፍ9 ወደ ኤኤችሲአይ መልሶታል ማለት ነው፤ እንደነበረ ሲያደርጉት ይነሳል።