«እትዬ፣ መኪናው እምቢ አለኝ!» የስፌት ጀማሪዎች ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ፒያሳ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚሰፉትን ልብስ ሰፊዎች ቆም ብሎ ያየ ሰው ስፌት ቀላል ይመስለዋል። እግር ይረግጣል፣ ጨርቅ ይሄዳል፣ አለቀ። እኔ ጋ የሚመጡት ልጆችም እንደዚያ አስበው ነው የሚመጡት። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ከየጥጉ «እትዬ፣ መኪናው እምቢ አለኝ!» ይጀመራል።

መኪና እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ክሩ የገባበት መንገድ ላይ፣ መርፌው ላይ ወይም እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ክፍሌ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ብሎን ከመነካቱ በፊት ክሩ ወጥቶ እንደገና ይገባል። ካቻቪቴው ኪሴ ውስጥ ነው የሚውለው። ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ተቀጥቼ ነው፤ ታሪኩን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

የምናስተምርበት ጥቁሩ ባለ እግር መርገጫ መኪና ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም፣ ፍጥነቱም ለጀማሪ ልክ ነው። ባለ ሞተር ያላችሁም ብትሆኑ አብዛኛው ነገር ያው ነው።

በእጅ ስንሰፋ

«ክሩ እየተቋጠረ አስቸገረኝ»

መጀመሪያ የክሩን ርዝመት እዩ። ጀማሪ ደጋግሞ መርፌ ማጉረስ ስለሚሰለቸው ከሜትር በላይ ክር ይቆርጣል። ረጅም ክር በየስፌቱ ጨርቁን እየታከከ ይሻክራል፣ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ይቋጠራል። 50 ሴንቲ ሜትር ግድም ይበቃል። ሜትር ማውጣት አያስፈልግም፤ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ለክቶ ትንሽ መጨመር ነው።

ርዝመቱ ልክ ሆኖም ከተቋጠረ ክሩ ተጠምዝዞ ነው። ጨርቁን ከፍ አድርጎ መርፌውን መልቀቅ። ተንጠልጥሎ በራሱ ይሽከረከርና ይፈታል። ሲቆም መቀጠል። ሌላው ዘዴ ሰም ነው፣ እኛ አገር ደግሞ ጧፍ አይጠፋም። ክሩን ጧፉ ላይ አንዴ ሁለቴ ሳብ ማድረግ ነው፤ ይጠነክራል፣ እርስ በርሱም አይጠላለፍም። ለነጭ ጨርቅ ግን ቢጫው ጧፍ እንዳያቀልም መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩት።

«ክሩ መርፌው ዓይን አልገባም አለ»

በጥርስ ተበጥሷላ! በመቀስ፣ ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ። በቃ።

«ስፌቴ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆነ»

እጅ ገና ልክ አልያዘም። ስመክር ከመዋል ባለ መስመር ጨርቅ እሰጣለሁ። ልጅቷ ከመስመር መስመር ስትሰፋ ልኩ ራሱ ይመጣል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ባዶ አቡጀዲ ስትይዝ ዓይኗ መስመሩን ከራሱ ያወጣዋል።

«ጨርቁ ተጨማደደ»

ክሩ ከልክ በላይ ተስቧል። ጀማሪ ካላጠበቀው የሚፈታ ይመስለዋል። በየአምስት ስድስት ስፌቱ በአውራ ጣት ስፌቱን ተከትሎ ማለስለስ፣ ጨርቁ ሲተኛ ክሩ እዚያው ላይ ይቁም።

«ቁልፉ ተሰፍቷል፣ ግን አይቆለፍም»

ይህ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ክብሪት ነው። ቁልፉ ጨርቁ ላይ ልጥፍ ብሎ ስለተሰፋ ለሌላው ጨርቅ ውፍረት ቦታ የለውም። ቁልፉ ላይ፣ በቀዳዳዎቹ መካከል አንድ የክብሪት እንጨት አጋድሞ በላዩ መስፋት። አራት አምስት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ እንጨቱን ማውጣት፣ ቁልፉን ወደ ላይ ሳብ ማድረግ፣ መርፌውን በቁልፉና በጨርቁ መካከል አውጥቶ ክሩን ሦስት ዙር እዚያ መጠምጠም። ከስር ቋጥሮ መቁረጥ። ቁልፉ ትንሽ አንገት አበጀ ማለት ነው። የኮት ከሆነ አንገቱ ረዘም ይበል።

መኪናው ላይ ስንወጣ

«እግሬ ወደ ኋላ ይሄድብኛል»

ሁሉም ላይ የሚደርስ ነው። መርገጫው የት ላይ እንደቆመ ሳታይ ትረግጣለች፣ በመኪናው ቀኝ በኩል ያለው ጎማ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ክሩ ይጠላለፋል ወይም ይበጠሳል። መፍትሄው አንድ ቀን ያለ ክር፣ ያለ ጨርቅ መርገጥ ነው። ጨርቅ የሚጫነውን እግር ከፍ አድርጉት። ከዚያ ጎማው መሀል ላይ ያለውን፣ ቦቢን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ትንሽ ማጠንጠኛ) ስንጠቀልል የምናላላውን ክብ ብረት አላሉት። አሁን ጎማው ይዞራል፣ መርፌው ግን ይቆማል። አንድ እግር ቀደም፣ አንዱ ኋላ ብሎ ይቀመጥ። ማስነሳት ሁልጊዜ በቀኝ እጅ ነው፤ ጎማውን ወደ ራስ ማዞር፣ እግር ይከተላል። ባለ ተረከዝ ጫማ ይውለቅ።

በማግስቱ አሮጌ ደብተር ይመጣል። አሁንም ክር የለም። በደብተሩ መስመር ላይ በመርፌ ብቻ ቀዳዳ እየሠሩ መሄድ ነው። ማዕዘን ሲደርሱ መርፌው ወረቀቱ ውስጥ እንደተሰካ ይቆማል፣ እግሩ ይነሳል፣ ወረቀቱ ይዞራል፣ እግሩ ይወርዳል። ወረቀት መርፌ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ለዚህ የሚሆኑ አሮጌ መርፌዎች ለብቻ አስቀምጡ።

«ከታች ክሩ ተተበተበብኝ»

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይሄ ነው። ልጅቷ ጨርቁን ገልብጣ ስታይ ከስሩ የክር ክምር ታገኛለች። ከታች ስለሆነ ጥፋተኛው ቦቢን ነው ትላለች። ቦቢኑን ታወጣለች፣ ትመልሳለች፣ ያው ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ ከታች የተከመረው የላይኛው ክር ነው። የሚይዘው ስላጣ ወደ ታች ይፈስሳል።

በነገር ከማስረዳት በቀለም ማሳየት ይሻላል። ከላይ ቀይ ክር፣ ቦቢኑ ላይ ነጭ አድርጉ። ስትገለብጠው ክምሩ ቀይ ነው። «ታዲያ የማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ራሷ ትነግራችኋለች።

ከዚያ ምርመራው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ክሩ ሲገባ ጨርቅ የሚጫነው እግር ተነስቶ ነበር ወይ? እግሩ ሲነሳ ክር የሚያጠብቁት ሁለት ክብ ብረቶች ይከፈታሉ፤ ሲወርድ ይጣበቃሉ። እግሩ ወርዶ ክር ካስገባች ክሩ በመካከላቸው ሳይገባ በላያቸው አልፏል። ቀጥሎ ከፍ ዝቅ የሚለው ክንድ ቀዳዳ ውስጥ ክሩ አለ ወይ? በሦስተኛ ደረጃ፣ ስፌቱ ሲጀመር ሁለቱን የክር ጫፎች ከእግሩ ኋላ ይዛለች ወይ? ክንዱ ከላይ ጫፍ ላይ ሳይደርስ መጀመርም ክሩን ያስመልጣል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። መርፌው ክር ከመጉረሱ በፊት እግሩን አውርዳችሁ ክሩን ሳቡ፤ መያዝ አለበት። እግሩን አንስታችሁ ሳቡ፤ መልቀቅ አለበት። ሁለቱም ላይ ከለቀቀ ክሩ ቦታው አልገባም። ክሩን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ከመጀመሪያው።

ከላይ በኩል የታችኛው ነጭ ክር ብቅ ብቅ ካለ ደግሞ ወይ የላይኛው በጣም ጠብቋል፣ ወይ የቦቢኑ ላልቷል። የቦቢኑን ቤት ከነቦቢኑ በክሩ አንጠልጥሉት። ዝም ብሎ ከተንሸራተተ ልል ነው። ትንሽ ነቅነቅ ሲያደርጉት ዝቅ ብሎ ከቆመ ደህና ነው። የቤቱን ብሎን ከማጥበቅ በፊት፣ ክሩ በስሯ በሚያልፍባት ቀጭን ብረት ስር የወረቀት ጠርዝ አሳልፋችሁ ቆሻሻውን አውጡ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ሩብ ዙር ብቻ።

«ስፌቱ ይዘላል»

ታሪኩ እዚህ ነው። ታኅሣሥ ነበር። ጎንደር ላይ ታኅሣሥ ማለት ጥር 11 እየመጣ ነው ማለት ነው፤ ያለ አዲስ ቀሚስ ጥምቀት የሚወርድ የለም። ሥራ ተደርቦብኝ ሳለ አንዱ መኪና መዝለል ጀመረ። ሁለት ሰፍቶ አንድ ይዘላል። የላይኛውን ማጥበቂያ አጠበቅሁ፣ አላላሁ። የቦቢኑን ብሎን ነካካሁ። ዘይት አጠጣሁ። ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ ሁለተኛ ሳምንቷን የያዘች ልጅ ከኋላዬ ቆማ «እትዬ፣ የመርፌው ጠፍጣፋ ጎን ወዴት ነው የሚዞረው ያሉን?» አለችኝ። ጠዋት በጥድፊያ መርፌ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ገልብጬ ነበር የሰካሁት። መርፌው ተስተካክሎ መኪናው ግን አልሰፋም፤ የነካካሁትን ብሎን ሁሉ ወደ ቦታው ለመመለስ ሌላ ግማሽ ቀን ፈጀ።

የቤት መኪና መርፌ አናቱ ላይ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። በተቃራኒው ጎን ደግሞ ከላይ እስከ ዓይኑ የሚወርድ ረጅም ቦይ አለ፤ በጥፍር ቢነኩት ይታወቃል። ክሩ የሚገባው ቦዩ ባለበት በኩል ነው። ከግራ ይሁን ከቀኝ ወይም ከፊት የሚለው በመኪናው ዓይነት ይለያያል። መርፌው ሽቅብ እስከ መጨረሻው ገብቶ ካልጠበቀም ይዘላል። ከተጣመመም እንደዚያው። መስታወት ላይ አጋድማችሁ እዩት፣ ጎባጣው ወዲያው ይታያል።

ቁጥሩም ወሳኝ ነው። ለስስ ሳቲን 70፣ ለአቡጀዲና ለፖፕሊን 80፣ ለካኪ 90፣ ለጂንስ 100። ለቲሸርት ጨርቅ ጫፉ ክብ የሆነ መርፌ አለ፤ ሹሉ የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ይዘላል። ገበያ ስትወጡ አሮጌውን መርፌ ይዛችሁ ሂዱ። የፋብሪካ መኪና መርፌ አናቱ ክብ ነው፣ ለቤት መኪና አይሆንም።

«መርፌ ተሰበረብኝ»

ጨርቁን ስባለች። ጨርቅ የሚወስደው ከስር ያለው ጥርስ ነው፤ የእጅ ሥራ መንገድ ማሳየት ብቻ ነው። ሲስቡት መርፌው ይጎብጥና ብረቱን ይመታል። ስፒል ላይ መስፋትም ይሰብራል፣ ስለዚህ መርፌው ሳይደርስ ስፒሉ ይነቀል። የተሰበረው ቁራጭ ሁሉ ሳይገኝ ሥራ አይቀጥልም። መርፌ ሲጎርስም እግር ከመርገጫው ላይ ይነሳ፤ ጣቱን የተወጋ ሁሉ ይህን ሕግ ያወጣው እሱ ይመስለዋል።

«ሸማው ተንሻፈፈ»

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። ጀማሪ የሰፋው ሸማ ግን ለጥምቀት ደርሶም ሊበጣጠስ ይችላል። ሸማ በእጅ የተሸመነ፣ ዘርዘር ያለ ነው። ጥርሱ የታችኛውን ጨርቅ ቶሎ ይወስዳል፣ የላይኛው ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ አንዱ ከአንዱ ሁለት ጣት ይረዝማል። መጀመሪያ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጎ ማያያዝ። ከዚያ ከስር ስስ ወረቀት አንጥፎ ከነወረቀቱ መስፋት፣ ሲያልቅ ወረቀቱን በቀስታ መቅደድ። ስፌቱ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ጥሩ ነው። ጥበቡ ያለበት ወፍራም ቦታ ላይ ሲደርሱ እግር ያርፍ፣ ጎማው በእጅ ይዙር። ጠርዙም ስለሚተረተር 2 ሴንቲ ሜትር ይተውለትና ሁለቴ ይታጠፍ። በበኩሌ ሦስት ወር ላልሞላው ተማሪ የሰው ሸማ አልሰጥም።

«መኪናው ከበደኝ»

ቆሻሻና ዘይት። መርፌው የሚገባበትን ብረት አንስታችሁ የተጠራቀመውን ብናኝ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ከዚያ የመኪና ስፌት ዘይት፣ በየቀዳዳው አንድ ጠብታ። የምግብ ዘይት በጭራሽ! ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይይዛል። ከዘይት በኋላ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ መስፋት ነው፣ ያለበለዚያ የደንበኛ ልብስ ይበከላል። ረግጣችሁት ጎማው ካልተከተለ ደግሞ ጎማውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል፤ ጫፎቹን የያዘውን ሽቦ በፒንሳ ፈትቶ፣ ቺንጋውን ትንሽ ቆርጦ መልሶ ማያያዝ ነው።

«በልክ ቆርጬ ጠበበ»

ለስፌት 1.5 ሴንቲ ሜትር አልተወችም፣ ወይም አቡጀዲው ሳይነከር ተቆርጧል። አቡጀዲ ሲታጠብ ይገባል። አሳድሮ ነክሮ፣ አድርቆ፣ ተኩሶ ከዚያ መቁረጥ።

የአስተማሪው ችግር

«አሳይቻታለሁ፣ ግን አልያዘችም»

ማን ነው የሰፋው? ልጅቷ ስትሳሳት ጨርቁን ከእጇ ነጥቀን «እንዲህ ነው» ብለን እንጨርሰዋለን። እሷ ያየችው የእኛን ጀርባ ነው። አሁን አሁን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው የምቆመው፤ በአፌ ብቻ እናገራለሁ። መተርተሩንም ራሷ ትተረትራለች። ምላጭ ጨርቅም ጣትም ስለሚቆርጥ በመርፌ ጫፍ ክሩን እያነሳች፣ በትንሽ መቀስ በየሦስት ስፌቱ ትቁረጥ።

ግራኝ ተማሪ ካለች ደግሞ ለእጅ ስፌት አጠገቧ አትቀመጡ። ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። እንደ መስታወት እያየች ትከተላችኋለች። ግራኝ መቀስ ካገኛችሁ ግዙላት፤ በቀኝ መቀስ ስትቆርጥ ጨርቁ ቢታጠፍባት ጥፋቱ የእሷ አይደለም።