ለአጋዘንና ለኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) አደን የመዳብ አረር አመራረጥ

በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደን የተከለከለው፣ ጥንብ የሚመገበው ኮንዶር የተባለ አሞራ በእርሳስ ስብርባሪ ይመረዝ ስለነበር ነው።

መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ በክብደት እኩል የሆነው የመዳብ አረር ይረዝማል፤ ስለዚህ በ.308 ጠመንጃ (የአረሩ ውፍረት 0.308 ኢንች የሆነ) 180 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) እርሳስ የለመደ አዳኝ 150 ግሬን መዳብ ቢመርጥ፣ አረሩ ሳይሰባበር ዘልቆ ስለሚገባ አይጎድልበትም።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን አረሩ እንስሳው ዘንድ ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት ነው። ባዶው ጫፉ ተከፍቶ እንደ አበባ ቅጠል ወደ ኋላ የሚታጠፈው በበቂ ፍጥነት ሲመታ ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ600 ሜትር ገደማ በታች ከወረደ ብዙዎቹ በጠባቡ በስተው ያልፋሉ፤ እንስሳውም ቆስሎ ይሰቃያል። አምራቹ የጻፈውን ዝቅተኛ ፍጥነት አይተው የተኩስ ርቀትዎን በዚያ ይወስኑ። በርሜሉን በደንብ አጽድተው ሁለት ሦስት ዓይነት ይሞክሩ፤ አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ሌላው ላይወደው ይችላል።